ሳልሄድ የሞላው ሻንጣዬ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ገላን አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ፤ አንዲት ልጅም አለችን። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ዓመት ዕቁብ ስንጥል ቆይተን ዘንድሮ ወጣልን። ከገንዘቡ ላይ የተወሰነውን ለራሳችን ጉዞ መደብን። ከጥምቀት በኋላ ፈቃድ ወስደን ለ6 ቀን ዱባይ ልንሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ሁለታችንም ከአገር ስንወጣ የመጀመሪያችን ነው። እኔ የምመኘው አንድ ነገር ነበር። ባሕር ማየት።

ከዚያ ወሬው ወጣ። አማቴ የወርቅ አምባር ፈለጉ። የባለቤቴ እህት ስልክ ግዙልኝ፣ ብሩን ስትመጡ እሰጣችኋለሁ አለች። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ ተራ በተራ ሽቶ፣ አባያ፣ ጁስ መፍጫ፣ የሕፃን ጋሪ አዘዙኝ። ስልኬ ላይ የመዘገብኩት 23 ዕቃ ደርሷል። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «ጫማና ልብስ ጭናችሁ ኑ፣ መርካቶ እሸጥላችኋለሁ፣ የትኬታችሁን ይመልሳል» ይላል። ባለቤቴም ተስማምቷል። «ዱባይ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አለ እንዴ?» ይለኛል። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ እዚያ ለምትሠራ ልጇ የታሸገ ዕቃ አምጥታ ቤቴ አስቀምጣለች። «በርበሬና ሽሮ ነው» ብላኛለች።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ታላቅ እህቴ ዱባይ በሰው ቤት 7 ዓመት ሠርታለች። ኮሌጅ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ባሕሩን ያየችው በመኪና መስኮት ብቻ እንደሆነ አንድ ጊዜ ነግራኛለች። አሁን እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ስንሄድ ልጃችንን የምትይዝልንም እሷ ናት። እንደምንሄድ ስነግራት «በሰላም ያድርሳችሁ» አለችኝ። ምንም አላዘዘችኝም።

አሁን ጉዞው ሲታሰበኝ ደስ አይለኝም። ገና ሳልሄድ ደከመኝ። ሰው ላለማስቀየም ብዬ ሁሉንም ልግዛ ወይስ ራስ ወዳድ ልሁን? ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ስለ 23ቱ ዕቃ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ግን ዓይኔ የቀረው ምንም ያላዘዘችሽ እህትሽ ላይ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ቃል ከላይሽ ላንሳልሽ። «ራስ ወዳድ» ብለሻል። ሁለት ዓመት ከደሞዝሽ እየቀነሽ ዕቁብ የጣልሽ፣ ቤትሽን የያዝሽ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ትዕዛዝ እምቢ ማለት አቅቶሽ ስልክሽ ላይ የመዘገብሽ ሴት ነሽ። እንዲህ ያለች ሴት 6 ቀን ባሕር ልይ ብትል ራስ ወዳድ አትባልም። ሰው አገር አይቶ፣ ያልለመደውን ምግብ ቀምሶ፣ ደስ ብሎት መመለሱ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ድካምሽን የማውቀው በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ዱባይ ሄጄ ነበር፣ ለ5 ቀን። አራቱን ቀን ያሳለፍኩት ዴይራ፣ ናይፍ በሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ የሰው ዝርዝር ይዤ ስዞር ነው። ማታ ማታ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ካርቶን ስንቀድ፣ ሻንጣ ስንመዝን፣ አውጥተን መልሰን ስንከት እናመሻለን። ማን ምን እንደወሰደ ዛሬ አላስታውስም። ግን አንድ ቀን የታዘዝኩት ጨርቅ ከማዶ ነው የሚገኘው አሉኝ። ዴይራንና ቡር ዱባይን ክሪክ የሚሉት የባሕር ውኃ ይለያቸዋል። አብራ በምትባል የእንጨት ጀልባ ተሻገርኩ። ሒሳቡ 1 ድርሃም ነበር። ተሳፋሪው ጀርባ ለጀርባ ተቀምጧል፣ ሞተሩ ይንጫጫል፣ ነጫጭ ወፎች ውኃው ላይ ይዞራሉ፣ ንፋሱ ነጠላዬን ያነሳዋል። ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ ሁሉ ቀን ለእኔ የቀረኝ ያ ነው። አንቺ ከ6 ቀንሽ የጥቂት ደቂቃ ብቻ ይዘሽ እንድትመለሺ አልፈልግም።

ባለቤትሽን ግን አልወቅሰውም። ባዶ እጅ መመለስ እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ገበያ ደርሳ የመጣች እናት እንኳን ለልጅ ከረሜላ ሳትይዝ አትገባም። እሱ የፈራው የእናቱ ፊት ይመስለኛል። «ሄደው አየር በልተው መጡ» መባልን ነው የፈራው። ለመሆኑ እሱስ ባሕር አይቶ ያውቃል? ከዚህ ጉዞ ምን እንደሚፈልግ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ እስካሁን ያወራችሁት ስለ ዕቃ ብቻ ነው። አንድ ምሽት ልጅቷ ከተኛች በኋላ ቁጭ በሉ። «አንተ ለቤተሰብህ ብቻ» ብለሽ አትጀምሪ። «እዚያ ስንደርስ አንተ ምን ማየት ትፈልጋለህ?» ብለሽ ጀምሪ። ምናልባት መጀመሪያ ይስቃል። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ይናገራል፣ ወንድ ልጅም ህልም አለው። ከዚያ በኋላ ስለ ቀን፣ ስለ ኪሎና ስለ ገንዘብ ማውራት ይቀላል።

እኔ ብሆን አንድ ሙሉ ቀን ለገበያ እሰጣለሁ። አንድ ቀን፣ ከዚያ አይበልጥም። ከሻንጣዎቻችሁ አንዱን «ይሄ የቤተሰብ ነው» ብላችሁ ለዩት፤ እሱ ሲሞላ ገበያው አለቀ። የስጦታ ገንዘቡንም ገና እዚህ ሳላችሁ ለብቻው አስቀምጡት፣ እዚያ ሄዳችሁ ከምሳችሁ እንዳትቀንሱ። ብዙ ሰው ሽቶ ገዝቶ ሲያበቃ ሆቴል ውስጥ ከቤት የያዘውን በሶ በጥብጦ ጠጥቶ ያድራል። እኔም አድርጌዋለሁ።

የባለቤትሽ ወንድም ሐሳብ ላይ ግን ቁርጥ ያለ ነገር ልንገርሽ። አታድርጉት። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ቦሌ ስትደርሱ ጉምሩክ ለግል መገልገያ የመጣውንና ለሽያጭ የመጣውን ይለያል። አንድ ዓይነት ጫማ በተለያየ ቁጥር ደርድሮ የመጣ ሰው ለራሴ ነው ቢል ማን ያምነዋል? ቀረጥ ትከፍላላችሁ፣ ካልሆነም ዕቃው ይያዛል። ምንዛሪውም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር፤ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ድርሃም ደግሞ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፣ 1 ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ። ስለዚህ እዚያ ርካሽ የመሰላችሁ ጫማ በብር ሲመነዘር መርካቶ ካለው ላይረክስ ይችላል። ንግድ መጀመር ከፈለጋችሁ ሌላ ጊዜ፣ ፈቃድ አውጥታችሁ፣ ዋጋ አጥንታችሁ ሂዱ። ለዕረፍት የወጣ ሰው መንገድ ላይ ነጋዴ ሲሆን ንግዱም ዕረፍቱም ይበላሽበታል። ይህንን ለወንድሙ መንገር ያለበት ባለቤትሽ ነው። አንቺ አትንገሪው፤ ነገሩ «ሚስቱ ከለከለችው» ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ጎረቤቶችሽ። ዝም ብለሽ ሄደሽ «አጣሁት» ብለሽ እንዳትመለሺ አደራ። ውሸቱ ይከብድሻል፣ እነሱም ያውቁታል። ከመሄድሽ በፊት ተናገሪ። ቡና ላይ የታዘዘ ነገር ቡና ላይ ቢመለስ ጥሩ ነው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሰማው። እንዲህ በያቸው። «ሰዎች፣ ይሄ ጉዞ የኔና የባለቤቴ ዕረፍት ነው። ዕድሜ ልካችንን አንዴ ነው የወጣነው። የማንንም ዕቃ መያዝ አልችልም፣ አትቀየሙኝ። ግን ቴምርና ሄል ይዤ እመጣለሁ፣ እዚሁ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣበታለን።» አንዷን እሺ ብለሽ ሌላዋን እምቢ ካልሽ ቅሬታ ይመጣል። ለሁሉም አንድ ከሆነ ግን የሚያጉረመርም ቢኖርም ይረሳዋል። በመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ይጠቁር ይሆናል። ሆድሽ ይባባል። ቻይው። ስትመለሺ ቴምሩን ይዘሽ ስትገቢ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ስለ ባሕሩ ነው።

የባለቤትሽ እህት ስልክ ቀላል ነው። ብሩን አስቀድማ ከሰጠቻችሁና ሞዴሉን ጽፋ ከሰጠች ግዙላት፣ ክብደትም የለውም። በዱቤ ግን አይሆንም። ይህንንም ወንድሟ ይንገራት።

የአማትሽ አምባር ለብቻው መታየት አለበት። እናት ናቸው። ልጃቸው ወርቅ አገር ደርሶ ባዶ እጁን ቢመጣባቸው ሊያዝኑ ይችላሉ። ግን ምን ያህል ወርቅ ነው የጠየቁት? ጠይቃችኋቸዋል? ብዙ ጊዜ እናቶች ትልቅ ነገር የሚሉት ለወጉ ነው፣ ትንሿን ሲያገኙም በደስታ ይመርቃሉ። ዴይራ ያለው የወርቅ ገበያ የግራም ዋጋው የዕለቱን ይዞ በግልጽ ይለጠፋል። እሱ ላይ ብዙ ክርክር የለም። የሚከራከሩት በእጅ ሥራው ዋጋ ላይ ነው፣ እዚያ ላይ ባለቤትሽ አይፈር። 22 ካራት የሆነች ቀጭን ቀለበት ወይም የጆሮ ጌጥ ከሰፊ አምባር በጣም ባነሰ ገንዘብ ትገኛለች። እዚያ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ። ቱሪስት ከከፈለው 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አብዛኛውን እንዲያስመልስ የሚመዘግቡ ሱቆች አሉ፣ ስትገዙ ፓስፖርት አሳይታችሁ ማስመዝገብ፣ ስትወጡ ደግሞ ኤርፖርት ላይ መጠየቅ ነው።

ስለ ታሸገው ዕቃ ከሁሉም በላይ አደራ የምልሽ እዚህ ላይ ነው። እንደታሸገ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ጎረቤትሽን አልጠረጠርኩም። እናት ናት፣ ልጇ የአገሯ በርበሬ እንዲሸታት ፈልጋለች። ግን ሻንጣው ላይ የሚጻፈው የአንቺ ስም ነው፤ ከተያዘ የምትጠየቂውም አንቺ ነሽ። ጥሪያትና ቤትሽ አብራችሁ ፍቱት። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን በግልጽ ላስቲክ አድርጋችሁ አንቺ ራስሽ እሸጊው። ጫት እዚያ ክልክል ነው፣ በትንሹም ያስራል። መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። እንደ ትራማዶልና ኮዴን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች እኛ ጋ ቀላል ይመስላሉ፣ እዚያ ግን ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። ለመፍታት ፈቃደኛ ካልሆነች፣ በትሕትና መልሺላት።

ይሄ ሁሉ ከተራገፈ በኋላ ስለ ጉዞው እናውራ፣ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። ጥር ለዱባይ ጥሩ ወር ነው። በበጋቸው፣ ማለት እኛ ክረምት ላይ ስንሆን፣ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ውጭ መንቀሳቀስ ይከብዳል። አንቺ ስትሄጂ ግን ቀኑ ለስላሳ ነው፣ ማታ ሹራብ ያስፈልግሻል። ለባሕሩ ገንዘብ አትክፈሉ። ጁሜይራ በኩል ካይት ቢች የሚባለው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በነፃ ትገባላችሁ። ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ጫማሽን አውልቀሽ ቁሚ። ውኃው በጥር ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፣ ግን እግርሽን ለማስነካት ምንም አይልሽም። እዚያ ስትደርሺ ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ተይው፣ ፎቶው ቆይቶ ይደርሳል።

አብራዋን በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተሳፈሩ። ወደ ቡር ዱባይ ተሻግራችሁ በእግር ትንሽ ብትሄዱ አል ፋሂዲ ትደርሳላችሁ። የድሮው ዱባይ ነው። ጠባብ መንገድ፣ የአፈር ቀለም ያለው ግንብ፣ ከጣራው በላይ የወጣ ንፋስ መሳቢያ ማማ። መብራትና ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን ቤቱን የሚያቀዘቅዙት በእሱ ነበር። የቡና ሙዚየምም እዚያው ሰፈር ውስጥ አለ፣ የቡና አገር ሰው ሆኖ ማለፍ ነውር ነው። የእነሱ ቡና ሲቀዳ ቢጫ ነገር ነው፣ ሄል ይበዛበታል፣ በቴምር ነው የሚጠጣው። ስትቀምሺው መጀመሪያ ሻይ ይመስልሻል። ካራክ የሚሉትን የወተት ሻይም ቅመሺ፣ መንገድ ዳር በትንሽ ብርጭቆ ይሸጣል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነ አትጨነቂ። ቡር ዱባይ ሥጋ የማይገባባቸው የሕንድ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል፤ ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት ብቻ ጠይቂ። ፈላፍልና ሁሙስ ደግሞ የትም አለ።

በሜትሮ ተጓዙ። ከ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ያለ ሹፌር ነው የሚሄደው፣ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ፉርጎም አለው፤ ባለቤትሽ ግን ተሳስቶ እዚያ ቢገባ ይቀጣል። ቡርጅ ኻሊፋን ከታች ሆናችሁ በማታ እዩት። 828 ሜትር ነው፣ አንገት ያማል። ላይ መውጣት ውድ ስለሆነ ካልፈለጋችሁ አትውጡ፤ ከሥሩ ያለው የውኃ ፏፏቴ በሙዚቃ ሲጨፍር ማየት ነፃ ነው። ሆቴል ስትገቡ በክፍል በየሌሊቱ ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ ለብቻ ሊጠይቋችሁ ይችላል፣ ተጭበረበርን ብላችሁ እንዳትጣሉ። ዶላሩን ባንካችሁ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ስለሚሸጥላችሁ ወደ መንገድ ዳር ምንዛሪ አትሂዱ።

አሁን ወደ እህትሽ ልመለስ።

የደከመሽ የዕቃው ዝርዝር ብቻ አይመስለኝም። እሷ ለ7 ዓመት የሰው ቤት ወለል እያጠበች አንቺን ያስተማረችበት ከተማ ውስጥ አንቺ በእንግድነት ልትገቢ ነው። ይሄ ልብ ይከብዳል። ምናልባት የሰውን ትዕዛዝ ሁሉ እሺ ያልሽው እዚያ ደስ ብሎሽ መታየት ስለፈራሽ ይሆን? እርግጠኛ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ግን እስኪ ለራስሽ ጠይቂው።

«በሰላም ያድርሳችሁ» ማለቷ ቅሬታ ላይሆን ይችላል። ስለዚያ ከተማ ማውራት የማትፈልገው ነገር ይኖራል። ደስ ብሏትም ቃል አጥታ ይሆናል። ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ስለዚህ አንድ እሑድ፣ ምጣዷ ሲበርድ፣ ብቻሽን ሂጂ። የዕቃ ጥያቄ አትጠይቂያት፣ «ምን ላምጣልሽ» አትበያት። «እዚያ እያለሽ ማየት ፈልገሽ ያላየሽው ቦታ አለ?» በያት። ካልፈለገች ዝም ትላለች፣ አንቺም አብረሻት ዝም በይ። ፎቶ ብትልኪላት ደስ እንደሚላት ወይም እንደሚከብዳት አስቀድመሽ ጠይቂያት። የልጅሽን ጉዳይም እግረ መንገድሽን ተነጋገሩ። 6 ቀን ከእንጀራዋ ሥራ ጋር ልጅ መያዝ ይደክማታል፤ ከጉዞው ገንዘብ ላይ ረዳት የምትቀጥርበትን ቀንሰሽ ስጫት፤ ከማንኛውም ሽቶ ይልቅ እሱ ይጠቅማታል።

ቦታ ከነገረችሽ፣ የአንዱ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ያለች ትንሽ የባሕር ዳር እንኳን ብትሆን፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ጻፊው። ከወርቅ ገበያውም በፊት። ለባለቤትሽም ምክንያቱን ንገሪው። ያለችሽን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል።